የሠፈራችን አየርና የቤታችን ሙቀት



ሰው ቤት የሚሠራው ከዝናብ፥ ከፀሐይና ከብርድ ይሰወር ዘንድ ነው። ነገር ግን አስተውለን ብንመለከት በዚህ ዘመን በከተማችን ከሚሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ የሚከለክሉት ዝናቡን ብቻ ነው፤ የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ብርድ ግን እንደ ክቡር እንግዳ በሩን ከፍተው ያስገባሉ። ባለቤቱም ግንበኛው የተወውን ጉድለት በከሰልና በኤሌክትሪክ ሊሞላ ዕድሜውን ሙሉ ይደክማል። ይህ ጉድለት ገንዘብን ብቻ የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በዚህ ገጽ ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን ነፍስን እስከ ማስወጣት የሚደርስበት ጊዜ ስላለ፥ በገዛ ቤታችን የደረሰብንን መነሻ አድርገን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

እኛ የምንኖረው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ከአየር ጤና ከፍ ብሎ በሚገኘው ሠፈር ነው። የሠፈሩን ስም የሰማ እንግዳ ሁሉ «እንግዲያስ እናንተ የታደላችሁ ናችሁ» ይለናል። እውነቱን ነው፤ ቀን ቀን አየሩ ለጤና የተስማማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፥ ከወጨጫ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ጋቢውንም ብርድ ልብሱንም አልፎ እስከ አጥንት ይደርሳል።

በግቢያችን ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው ወላጅ እናታችን ያሳደጉን አሮጌው የጭቃ ቤት ነው። ሁለተኛው እኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደመወዛችን እየቆጠብን ያሠራነው፥ ግድግዳው ብሎኬት፥ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ መስኮቱም ሰፊ የሆነ አዲስ ቤት ነው። ገንዘባችን ስላለቀ ኮርኒሱን «ለከርሞ» ብለን አቆየነው፤ ከርሞም አልፎ ሌላ ከርሞ መጣ። እናታችንን ወደ አዲሱ ቤት እንዲገቡ ደጋግመን ብንለምናቸው «እኔስ በድንጋይ ሣጥን ውስጥ አልተኛም» ብለው እንቢ አሉን። እኛም ይህን የእርጅና ግትርነት ነው ብለን በልባችን ፈገግ አልን።

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጉንፋን ይዟት ስለ ነበር፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከሰል የተያያዘበትን ፈርኔሎ ወደ መኝታ ቤት አስገባን። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ስላለቀ ክፉ ነገር የለበትም ብለን አመንን። ብርድ እንዳይገባም በሩን ዘግተን ከሥሩ ጨርቅ ወተፍን። እናታችን ለጸሎት በሌሊት የመነሣት ልማድ አላቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የልጅቱን ሁኔታ ሊጠይቁ ወደ መስኮታችን መጥተው ቢጠሩን ድምፃቸውን ሰማን፤ ነገር ግን መልስ ለመስጠት አፋችን፥ ለመነሣትም እግራችን አልታዘዝ አለን። እርሳቸው መስኮቱን በበትር እየመቱ ሲጮኹ በብዙ ድካም ከአልጋ ወርደን፥ በጉልበታችን ድኸን በሩን ከፈትን። ልጃችንን ተሸክመን ወደ ደጅ ስናወጣት እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፋ ነበር። ፈጥነን ወደ ሕክምና ቤት ወሰድናት፤ በዚያም ንጹሕ አየር በመሣሪያ ሲሰጣት ቆይቶ ወደ ንጋት ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኛው ነበር።

ከዚያች ሌሊት በኋላ አንድ ጥያቄ በአሳባችን ይመላለስ ጀመር። በአንድ ግቢ፥ በአንድ ሰማይ ሥር፥ ሃያ እርምጃ በማይራራቁ ሁለት ቤቶች፥ እናታችን ያለ እሳት በደኅና ሲተኙ እኛ በአዲሱ ቤት ስለ ምን በብርድ ተንቀጠቀጥን? የተማሩ ሰዎችን እየጠየቅን፥ መጻሕፍትንም እያገላበጥን ያገኘነው መልስ ይህ ነው።

በመጀመሪያ፥ ሰው ሞቀኝ ወይም በረደኝ የሚለው ስለ አየሩ ብቻ አይደለም። ኦሌ ፋንገር የሚባለው የዴንማርክ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ የሰውን ምቾት የሚወስኑት ስድስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም የአየሩ ሙቀት፥ በዙሪያችን ያሉት የግድግዳና የጣሪያ ሙቀት፥ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት፥ የነፋሱ ፍጥነት፥ የለበስነው ልብስ፥ የምንሠራውም ሥራ ናቸው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ገላው 100 ዋት የሚያህል ሙቀት ዘወትር ያወጣል። ግድግዳውና ጣሪያው ቀዝቃዛ የሆኑ እንደ ሆነ ይህን ሙቀት ከገላችን ይስባሉ፤ ስለዚህ የክፍሉ አየር ለብ ያለ ሆኖ ሳለ እንኳ ሰውዬው ይንቀጠቀጣል። በሰው ብዛት በታፈነ ቤት በቀዝቃዛ የድንጋይ ግንብ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይህን ነገር ሳይማር ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነገር የአገራችን የአየር ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 3 መቶ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። በበጋ ደመና በሌለበት ጊዜ ፀሐይ ቀን በብርቱ ታቃጥላለች፤ በሌሊት ደግሞ ምድሪቱ ሙቀቷን ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ትለቃለች። በዚህም የተነሣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ የወጣው ሙቀት ሊነጋ ሲል ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ አገር የሚስማማው ቤት የቀኑን ሙቀት ተቀብሎ ለሌሊት የሚያስቀምጥ ቤት ነው፤ ልክ ብልኅ ባለቤት የመከሩን እህል በጎተራ ለክረምት እንደምታስቀምጥ ማለት ነው።

የጭቃው ቤት ይህን ያደርጋል። ከጭድ ጋር ተቦክቶ በማገሩ ላይ የተመረገው ወፍራም ጭቃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፥ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ቀን በውጭ ያረፈበት ሙቀት ወደ ውስጥ ለመድረስ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅበት፥ ለቤቱ የሚደርሰው ሙቀት በሚያስፈልግበት በምሽት ነው። ጭዱም በውስጡ ጥቃቅን የአየር ክፍተት ስለሚፈጥር ብርዱን ይከላከላል። እናታችን ደግሞ ከቆርቆሮው በታች አቡጀዲ የተወጠረበት ኮርኒስ አላቸው። በክዳኑና በጨርቁ መካከል ያለው አየር እንደ ሁለተኛ ጋቢ ሆኖ ያገለግላቸዋል።

ቆርቆሮ ግን ስስ ብረት ነውና ምንም ነገር አያስቀምጥም። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ወዲያው ይግላል፤ ሌሊት ከጠራ ሰማይ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ከአየሩ ይልቅ እርሱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ የትንፋሻችን እንፋሎት ከጣሪያው ላይ ጠል ሆኖ በፊታችን የሚንጠባጠበው። ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ባዶ፥ ግንቡም ስስ ስለ ሆነ፥ በሲሚንቶ ቢለሰንም እንደ ወፍራም ጭቃ አይሆንም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው፥ እኛም ሥልጣኔን ስንሻ የአባቶቻችንን ጥበብ ከእጃችን ጣልን። ይህን ስንል ወደ ጎጆ እንመለስ ማለታችን አይደለም፤ ብሎኬቱም ቆርቆሮውም ኮርኒስና ማስተካከያ ቢጨመርላቸው መልካም ቤት ይሆናሉ።

በሚኪሌላንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦች አሉን። በከተማችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1 መቶ ሺህ በእጅጉ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ቤቶች ተሠርተው ለብዙ ቤተ ሰብ መጠጊያ ሆነዋል። ከሁለቱ አንዱ የሚኖረው በመጨረሻው ፎቅ ከክዳኑ ሥር ነው፤ ሁለተኛው በመካከለኛው ፎቅ ነው። የቤቶቹ ስፋት አንድ፥ ግንቡም አንድ ሆኖ ሳለ፥ የላይኛው በቀትር ልብሱን ሲያወልቅ በሌሊት ካፖርት ለብሶ ይተኛል፤ የመካከለኛው ግን ከላይም ከታችም ከጎንም ጎረቤቶቹ ስላሉት እነርሱ ያሞቁታል። ስለዚህ ቤት ሲመረጥ ስፋቱንና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፥ ከሰማይና ከነፋስ ጋር ምን ያህል እንደሚጋፈጥ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ነገር የሠፈሩ አየር ነው። ብዙ ሰዎች አንድ ከተማ አንድ አየር ያላት ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ ላይ 1 ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ከእንጦጦ ራስ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ያለው ቁልቁለት ወደዚህ የሚጠጋ ስለ ሆነ፥ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት አገር አለ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኮልፌ ቀራንዮም በዚሁ ቁልቁለት ምዕራባዊ ክፍል ላይ ስለ ተዘረጋ፥ ከላይኛው ጫፉና ከታችኛው ጫፉ አንድ ዓይነት ብርድ አይገኝም።

በዚህ ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ከባድ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውሃ ከተራራው ጎን ወደ ሸለቆ ይፈስሳል፥ በዝቅተኛውም ስፍራ ይተኛል። ስለዚህ በትንሹ አቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚኖር ሰው፥ ጥቂት ከፍ ብሎ በተረተሩ ወገብ ላይ ከሚኖረው ጎረቤቱ ይልቅ ሊበርደው ይችላል። የማለዳው የማገዶና የመኪና ጢስም በዚያው በሸለቆው ላይ ተኝቶ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ አይነሣም። ቤት ሠሪ ሁሉ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት በታኅሣሥ ማለዳ በቦታው ላይ ቆሞ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ቢመለከት፥ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት ያገኛል።

ከተማ ራሷም አየርን ትለውጣለች። ሉቅ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1818 ጀምሮ ስለ ሎንዶን አየር ባሳተመው መጽሐፍ፥ የከተማይቱ ሌሊት ከገጠሩ ሌሊት በአማካይ ከ3 ዲግሪ ፋራናይት በላይ እንደሚሞቅ አስታወቀ። ምክንያቱም አስፋልቱ፥ ድንጋዩና ሲሚንቶው የቀኑን ፀሐይ ጠጥተው በሌሊት ስለሚተፉት፥ ሣርና ዛፍ በሌለበትም ስፍራ ሙቀትን የሚያበርድ እንፋሎት ስለማይኖር ነው። 1 ሊትር ውሃ ከቅጠልና ከአፈር ላይ ለመትነን ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። አንድ ትልቅ ዛፍ በቀን ብዙ ሊትር ውሃ ያተንናልና፥ ያለ ደመወዝ የሚሠራ አየር ማቀዝቀዣ ነው ማለት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅጽር ውስጥ በጽድና በወይራ ጥላ ሥር የቆመ ሰው፥ ከዚያ ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ሲረግጥ በገላው የሚሰማው ልዩነት ይህ ነው። በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ዳርቻ ያለው የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከልም ለአጥኚዎች ብቻ ሳይሆን ለመላው ከተማ እንደ ሳንባ ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በሁለት በኩል መመልከት ያስፈልጋል። እንደ እኛ ባለ ብርዳም ከተማ የግንቡ ሙቀት በሌሊት ይጠቅም ይሆናል የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን ያ ሙቀት የሚገኘው ቤትና ድንጋይ ጥቅጥቅ ብሎ በተሠራበት በመሐል ከተማ ነው፤ በቀኑ ጊዜ ደግሞ የሚጠቅም መሆኑ ቀርቶ ሸክም ይሆናል።

ስለ ቀኑ ሸክም ከሥራችን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። የምንጽፍበት ክፍል ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያውም መስታወት ነው። እስከ ቀትር ድረስ ማለፊያ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትገባ ባለጉዳይም ጸሐፊም አንድ ላይ ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ ክፍሉም ስለ ጨለመ በቀን መብራት አበራን፤ መብራቱና ሰዉ ስላሞቁን ማራገቢያ አስገባን፤ አሁን ደግሞ አየር ማቀዝቀዣ መኪና እንዲገዛ ማመልከቻ ተጽፏል። በዓመት ውስጥ እጅግ ብዙው ቀን መስኮት ከፍቶ መኖር በሚቻልበት ከተማ፥ አንድ መስኮት በተሳሳተ ፊት ስለ ተደረገ አራት ወጪ ተወለደ። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5 ሺህ 1 መቶ 50 ሜጋዋት የማመንጨት ኃይል እንዳለው ተነግሮ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን በሕዝብ ገንዘብ የተገኘን ኃይል በተሳሳተ መስኮት ማፍሰስ፥ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

የፀሐይ መንገድ የታወቀ ስለ ሆነ ይህ ስሕተት ሊቀር የሚችል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ 12 ገደማ በቀትር ጊዜ ፀሐይ በደቡብ በኩል ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። በሰኔ 14 ገደማ ደግሞ በሰሜን በኩል 75 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በጧትና በማታ ግን ዘወትር ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ ትመታለች። እንግዲህ ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት በብርዱ ወራት ፀሐይን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከፍ ያለችውንም ፀሐይ መጠነኛ ታዛ ይከልላታል። ወደ ምዕራብ የተከፈተውን መስኮት ግን ታዛ አያድነውም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ከደማችን ጋር ኦክስጅን ከሚጣበቀው ከ2 መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚያዝ፥ ሰውዬው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ሳለ ይሞታል። በከተማችን ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ አነስተኛ ነው፤ አደጋውም በዚያው መጠን የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ፥ ከሰልና ይህን ከመሰለው በሚወጣ ጢስ ምክንያት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን የሚያህል ሰው ሞቷል።

ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የተያያዘ ከሰል ጢሱ አለቀ ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ከቶ አይግባ። ሕፃን ወይም ሽማግሌ የበረደው እንደ ሆነ በሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግሩ አጠገብ ማኖር ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ኮርኒስ ጌጥ አይደለም፥ የቤት ልብስ ነው። ቀለምና የመስኮት መጋረጃ ከመግዛት በፊት ኮርኒስ ይቅደም። በክዳኑና በግድግዳው መገናኛ ያለው ስንጥቅ ይደፈን፤ ነገር ግን ለመተንፈሻ በታሰበ ስፍራ ትንሽ ቀዳዳ ይተው።

ሦስተኛ፤ የቤቱ ቁመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፥ መስኮቶቹም ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ይመልከቱ። በምዕራብ በኩል መስኮት ማነስ፥ ወይም ዛፍ መተከል አለበት። በደቡብ በኩል ግን የታኅሣሥን ፀሐይ የሚከለክል ረጅም ዛፍ አይተከል።

አራተኛ፤ ግቢው ሁሉ በሲሚንቶ አይለሰን። ጥቂት ሣርና አፈር የቀኑን ግለት ያበርዳል፥ የክረምቱንም ጎርፍ ይቀበላል።

የሕንፃ ፕላን መርምረው ለሚፈቅዱ ባለሥልጣኖችም አንድ ቃል እንጨምራለን። የብረቱ ብዛትና የሲሚንቶው ጥንካሬ እንደሚመረመር ሁሉ፥ ፀሐይ በየት እንደምትገባና ብርድ በየት እንደሚወርድ ቢጠየቅ ለመንግሥትም ለሕዝብም ብዙ ወጪ ያተርፋል። ይህ ጥያቄ አንድ ሉሕ ወረቀት ከመጨመር በቀር የሚያስከፍለው ነገር የለም።

እኛስ ምን አደረግን? ባለፈው የሚያዝያ ወር የቤቱን ኮርኒስ በችፑድ አሠራን፤ በስተምዕራብ ያለውን ሰፊ መስኮት አጥበን በደቡብ በኩል ሌላ ከፈትን። በዚህ ዓመት ብርዱ ሲገባ ጣሪያው መንጠባጠቡን ትቷል፤ ፈርኔሎውም ከደጅ አልፎ አያውቅም። ልጃችን ግን ኮርኒሱ እስኪሠራ ድረስ በአያቷ ዘንድ መተኛት ስለ ለመደች ወደ አዲሱ ቤት አልመለስም ብላናለች። እናታችንንም ወደ አዲሱ ቤት እንዲገቡ እንደ ገና ብንጠይቃቸው ጣሪያውን ቀና ብለው ተመለከቱና «አሁን ቤት መሆን ጀምሯል» አሉን። መግባቱን ግን ዛሬም አልፈቀዱም፤ እኛም ከእንግዲህ ወዲህ ግትርነት ነው አንልም።